«የካንሰር ክትባት» የሚለው ስም የሸፈነው ልዩነት

ሳቢያን ውስጥ የማኅፀን በር ካንሰር የተገኘባቸው አንዲት እናት፣ «ዶክተር፣ ለልጄ በትምህርት ቤት የተሰጣት የካንሰር ክትባት ለእኔም ይሰጠኝ» ሲሉ ጠየቁኝ። ስሕተቱ የእርሳቸው አልነበረም። ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም የምንጠራው እኛ የጤና ባለሙያዎች ስለሆንን፣ ይህ ጽሑፍ አስቀድሞ የሚነቅፈው የራሳችንን አነጋገር ነው።

በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የ14 ዓመት ልጃገረዶችን በመከተብ የተጀመረው የሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ ክትባት የካንሰር ሕዋስን አያጠቃም። የተሠራው ኤል1 ከተባለው የቫይረሱ የውጭ ሽፋን ፕሮቲን ሲሆን፣ የሚቀሰቅሳቸው ጸረ እንግዳ አካላት ቫይረሱን ሕዋስ ውስጥ ሳይገባ ይይዙታል። ቫይረሱ ሕዋሱን ወደ ካንሰር ከለወጠው በኋላ ግን ኤል1 በዕጢው ላይ አይገኝምና ጸረ እንግዳ አካሉ የሚይዘው ያጣል።

ያለውን ካንሰር ለማከም የሚታሰበው ክትባት መንገዱ ሌላ ነው። ገዳዩ ቲ-ሴል ሙሉ ፕሮቲን አያይም። የሚያውቀው ሕዋሱ ከሰባበረው ፕሮቲን ከ8 እስከ 11 አሚኖ አሲድ የሚሆን ቁራጭ በኤችኤልኤ ሞለኪውል ተሸክሞ ወደ ገጹ ሲያወጣ ነው። ዚንከርናግልና ዶኸርቲ እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳዩትም ይህንኑ ነበር፤ ቁራጩ ብቻውን አይበቃም፣ ተሸካሚውም መታወቅ አለበት። ከዚያ በፊት ደግሞ ዴንድሪቲክ ሕዋስ ቁራጩን ለቲ-ሴሉ አሳይቶ ሊያነቃው ይገባል።

ይህ ሰንሰለት በአንድ ቦታ ቢበጠስ ክትባቱ ከንቱ ይሆናል። ማጅ-ኤ3 በተባለው አንቲጂን የተዘጋጀው ክትባት ከ2,200 በላይ በሆኑ የሳንባ ካንሰር ሕሙማን ላይ ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ጥቅም እንዳላስገኘ ታወቀ። በእኔ አስተያየት አንቲጂኑ በዕጢው ውስጥ መገኘቱን ብቻ ማረጋገጥ ቲ-ሴል ዕጢውን ያውቀዋል ለማለት አያስችልም።

የማኅፀን በር ካንሰር በዚህ ረገድ የተሻለ ዕድል ያለው ይመስላል። ኢ6 እና ኢ7 የተባሉት የቫይረሱ ፕሮቲኖች ለሰውነት ባዕድ ናቸው፤ ዕጢውም ያለ እነርሱ መኖር ያዳግተዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ የኔዘርላንድ ጥናት፣ ቫይረሱ በሴት ብልት ውጫዊ ክፍል ላይ ያመጣው ቅድመ ካንሰር ከነበረባቸውና ከዓመት በኋላ ከተመረመሩት 19 ሴቶች በ9ኙ ላይ ቁስሉ ፈጽሞ ጠፍቷል። ያው ክትባት ለብቻው በተስፋፋ የማኅፀን በር ካንሰር ላይ ሲሞከር ግን ዕጢው አልቀነሰም። ዕጢ ሲያረጅ ኤችኤልኤውን ይደብቃል፣ ቲ-ሴልን የሚያዳክሙ ሕዋሳትንም በዙሪያው ይሰበስባል።

አሁን ብዙ የሚወደሰው ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ለብቻው የሚዘጋጀው የኤምአርኤንኤ ክትባት ነው። በሜላኖማ 157 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት፣ እስከ 34 የሚደርሱ የዕጢውን አንቲጂኖች የያዘው ክትባት ከፔምብሮሊዙማብ ጋር ሲሰጥ፣ መድኃኒቱ ብቻውን ከተሰጠበት ይልቅ የካንሰሩን መመለስ ወይም ሞትን በ44 በመቶ ቀንሷል። ውጤቱን አላናንቅም። ነገር ግን አንቲጂኖቹን የሚመርጠው፣ የትኛው ቁራጭ በሕመምተኛው ኤችኤልኤ ላይ እንደሚቀመጥ የሚተነብይ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራሙ የተማረውም በአብዛኛው በአውሮፓውያን ዘንድ ከሚዘወተሩ የኤችኤልኤ ዓይነቶች ነው። የኤችኤልኤ ልዩነት እጅግ የሚበዛው ግን በአፍሪካ ነው። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራውና ሐረሪው በአንድ ወረፋ በሚቀመጡባት ድሬዳዋ ትንበያው ቢስት፣ ዕጢው ፈጽሞ የማያወጣውን ቁራጭ ለቲ-ሴል እናስተምራለን። ስለዚህ የሕዝባችንን ኤችኤልኤ መመዝገብ ክትባቱ ከመጣ በኋላ የሚታሰብ ቅንጦት ተደርጎ መታየት የለበትም።

እስከዚያው ቢያንስ ስሙን እንለይ፤ የልጃገረዶቹን «የቫይረስ መከላከያ ክትባት»፣ ሌላውን «የካንሰር ማከሚያ ክትባት» እንበለው። ለእኚያ እናትም የልጃቸው መርፌ እርሳቸውን እንደማይረዳ ነግሬ ለጨረር ሕክምና ላክኋቸው። የ38 ዓመት ታናሽ እኅት እንዳላቸው ሲነግሩኝ ደግሞ ለቅድመ ካንሰር ምርመራ ቀጠሮ ጻፍኩላቸው።