ጳጉሜን የማያውቅ አፕ

አፕ ማሠራት የባንኮችና የአየር መንገዱ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ ዙሪያውን ብትቃኙ የግል ትምህርት ቤቱም፣ ክሊኒኩም፣ የጅምላ ነጋዴውም፣ እቁብ ሰብሳቢውም ወይ አሠርቷል ወይ ዋጋ እያጠያየቀ ነው። የሚያበሽቀው ሥራውን የሚረከቡበት መንገድ ነው። ዴቨሎፐሩ ስልኩን ያቀብላል፤ አሠሪው ገጹን ወደ ላይ ወደ ታች ያንሸራትታል፣ ቀለሙን ያደንቃል፣ «በአይፎንም በአንድሮይድም ይሠራል» ሲባል ደስ ይለዋል፣ ቀሪውን ሒሳብ ይከፍላል። አጠገቡ የተቀመጠው ተለማማጅም «አሪፍ ሥራ» ማለትን ከዚያው ይማራል። ጋቢ ሲገዛ ጥለቱን ብቻ አይቶ የማይከፍል ሰው፣ አፕ ላይ ሲደርስ ጥለቱን ብቻ አይቶ ይከፍላል።

አንዴ የተጻፈን ኮድ በሁለቱም ዓይነት ስልክ ላይ ከሚያስኬዱት ፍሬምወርኮች ስማቸው ጎልቶ የሚሰማው ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ሪአክት ኔቲቭና የጉግሉ ፍላተር ናቸው፤ የፍላተር የመጀመሪያ ሙሉ እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ነው። አፑ ቶሎ መከፈቱን፣ በርካሽ ስልክ ላይ አለመንቀራፈፉን፣ ኔትወርክ ሲጠፋ የተሞላው ፎርም አለመጥፋቱን ለማየት ዓይን ይበቃል፤ ስለዚህ አልገባበትም። አማርኛው ሳይበላሽ መነበቡም ዛሬ የሚያስመሰግን ነገር አይደለም። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባበት ከእ.ኤ.አ. 1999 ወዲህ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል። አፕ ስትረከቡ አንድ ነገር አድርጉ፦ ቀን የሚሞላበትን ሳጥን ክፈቱና ጳጉሜንን ፈልጉ። ከሌለች፣ የቀረውን ሳታደንቁ በፊት ቆም በሉ።

ነገሩ የባህል ቁጭት ብቻ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ቀን በአፕ ውስጥ በሦስት እጅ ያልፋል፦ የስልኩን ሥርዓት፣ ፍሬምወርኩንና ዴቨሎፐሩ ከሌላ ሰው የወሰደውን ትንሽ ፓኬጅ። ስልኩ የእኛን አቆጣጠር ያውቃል። አፕል በዓመተ ምሕረትና በዓመተ ዓለም ለይቶ ሁለቱንም አስገብቷል፤ አንድሮይድም እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣው 7ኛ እትሙ ጀምሮ የኢትዮጵያን ካላንደር ለዴቨሎፐሮች ክፍት አድርጓል። ክሮምም ያውቀዋል። የሚዘነጋው መካከል ላይ ያለው ነው። ፍላተር የሚጻፍበት ዳርት ቋንቋ ቀን የሚይዝበት መሣሪያ ጎርጎርዮሳዊውን ብቻ ያውቃል፤ የፍላተር ዝግጁ የቀን መምረጫም ለዓመታት እንዲሁ ነበር። በዚህ ፍላተር ብቻውን አይደለም፤ የፕሮግራም ቋንቋው ጃቫም እ.ኤ.አ. በ2014 የቀን አያያዙን እንደ አዲስ ሲሠራ የታይን፣ የጃፓንን፣ የታይዋንንና የሂጅራን አቆጣጠር ጨመረ፤ የእኛን አልጨመረም። እንግዲህ ሁለት መድረክ አገናኛለሁ የሚል ሥራ ሁለቱም መድረኮች የሚያውቁትን ነገር መንገድ ላይ ከጣለ፣ ጉድለቱ የመገናኛው ነው። የፍሬምወርክ ጥራት በሚስለው ውብ ገጽ አይለካም፤ ከታች ያለውን እውቀት ሳያጎድል ወደ ላይ በማቀበሉ ነው የሚለካው። ይህን የቀን ሳጥን ያህል ቶሎ የሚያጋልጥ ሌላ ቦታ የለም።

ሰዓቱ ደግሞ ይብሳል። ፍላተር አማርኛን ከሚደግፋቸው ቋንቋዎች መካከል ይቆጥራል፤ ዴቨሎፐሩ አማርኛን ሲያበራ ቁልፎቹ ይተረጎማሉ፣ የእንግሊዝኛው ከቀትር በፊትና በኋላ ምልክትም «ጥዋት» እና «ከሰዓት» ይሆናል። ቁጥሩ ግን ባለበት ይቆያል። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት የተያዘ የሐኪም ቀጠሮ «7:00 ጥዋት» ተብሎ ይወጣል፤ ከቀኑ 7 ሰዓት የተያዘው ደግሞ «1:00 ከሰዓት»። በእንግሊዝኛ ቢጻፍ ኖሮ ማንም ሰው በልቡ ስድስት ቀንሶ ወይም ጨምሮ ያነበው ነበር፤ ለምደነዋል። በአማርኛ ሲጻፍ ግን አንባቢው የአማርኛ ሰዓት ነው ብሎ ያምናል። ግማሽ የተተረጎመ ሰዓት ካልተተረጎመው የከፋ ነው፤ ያልተተረጎመው ቢያንስ ባዕድነቱን አይደብቅም። «አማርኛ አለው» ተብሎ የሚሸጥ አፕ ውስጥ «7:00 ጥዋት» ካያችሁ፣ ሠሪው የራሱን ሥራ አንድም ቀን እንደ ተጠቃሚ አላነበበውም ማለት ነው። ለዚህ ይቅርታ የለም።

«ሰርቨሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚያስቀምጥ ምን ለውጥ ያመጣል?» የሚል መልስ ይሰማል። ማስቀመጡ ትክክል ነው፤ መመዝገቢያው አንድ ወጥ መሆን አለበት። ስህተቱ የልደት ቀንን እንደ ቅጽበት አድርጎ መያዝ ላይ ነው። መስከረም 1 ቀን 2016 የተወለደን ሕፃን አስቡ፤ በጎርጎርዮሳዊው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ግድ የለሽ አፕ ይህን በአዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ላይ የተፈጸመ ክስተት አድርጎ ይልከዋል። ሰርቨሩ የሚከተለው የዓለም ሰዓት ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ እዚያ ገና የሴፕቴምበር 11 ምሽት ነው። ቀኑ ብቻ ተቆርጦ ሲነበብ ሕፃኑ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ተወለደ ይባላል። አንድ ቀን ሳይሆን አንድ ዓመት ተለወጠ፤ ትምህርት ቤት ደግሞ ልጅ የሚመዘግበው በዓመት ነው። በጎርጎርዮሳዊው ብቻ የሚያነብ ፈታሽ የሚያየው የአንድ ቀን ልዩነት ስለሆነ «ትንሽ ስህተት» ብሎ ያልፈዋል። ጥሩ ሠሪ የልደት ቀንን ሰዓት የሌለው ንጹሕ ቀን አድርጎ ይይዛል፤ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚቀይረውም ስክሪኑ ላይ ሲያሳየውና ከተጠቃሚው ሲቀበለው ብቻ ነው። ሌላ መንገድ ያለው ካለ ያሳየኝ። የፋይዳ መታወቂያ ካርድ የትውልድ ቀንን በሁለቱም አቆጣጠር አትሞ ያወጣል፤ ካርዱ ላይ ያለው ቀንና አፑ የሚያሳየው ካልተገጣጠሙ ደግሞ የሚጉላላው ባለካርዱ ነው።

ጳጉሜን ስለተገኘች ብቻ ፈተናው አያበቃም። ጳጉሜን 6 ቀን 2018ን ሙሉ፤ አፑ እንቢ ማለት አለበት። ጳጉሜን 6 ቀን 2019ን ሙሉ፤ መቀበል አለበት፣ ዘመነ ሉቃስ ነውና። ሁለቱንም ካለፈ የካቲት 23 ቀን 1888ን ስጡት። የዓድዋ ድል ቀን በጎርጎርዮሳዊው ማርች 1 ቀን 1896 ነበር፤ ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ግን ማርች 2 ላይ ነው። ልዩነቱ የመጣው ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር እ.ኤ.አ. 1900ን በሠግር ዓመትነት ስላልቆጠረው፣ እኛ ደግሞ በየአራት ዓመቱ ሳናዛንፍ ስለምንቆጥር ነው። አፑ ማርች 2 ቀን 1896 ብሎ ከመለሰ፣ ዴቨሎፐሩ ስሌቱን አልሠራውም፤ የዘንድሮውን ልዩነት አይቶ ቋሚ ቁጥር ደምሯል። «በ1888 የተወለደ ደንበኛ የለንም» ይሉ ይሆናል። የለም፤ እ.ኤ.አ. 2100 ግን እንደዚሁ ያለ ሠግር የማይሆን ዓመት ነው፣ የረጅም ዘመን የሊዝ ውል የሚይዝ አፕም ከወዲሁ ይደርስበታል። ደግሞም ፈተናው የሚመዝነው ዴቨሎፐሩ ሒሳቡን ተረድቶት እንደሆነ ወይም ገልብጦት እንደሆነ ነው።

ሒሳቡ ምስጢር ሆኖ አያውቅም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረው ለአራት ያካፍሉታል፤ ቀሪው ወንጌላዊውን ይነግራቸዋል፣ ቀሪው ሦስት ከሆነ ሉቃስ ነው፣ ጳጉሜንም ስድስት ትሆናለች። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በባሕረ ሐሳብ መጽሐፋቸው ይህን ዕውቀት ለዘመናዊ አንባቢ አቅርበውታል፤ ደርሾዊትዝና ራይንጎልድም እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት የካላንደር ስሌት መጽሐፍ ለፕሮግራም ጸሐፊ በሚሆን መልኩ የእኛንም አቆጣጠር አስገብተውታል። ከፍሬምወርኮቹ በፊት የነበሩትን ሰዎች ሳስብ የዛሬው ስንፍና ይበልጥ ይከነክነኛል። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ፊደላችንን በላቲን ኪቦርድ ለመጻፍ ሴራ የተባለውን ሥርዓት ሲቀርጹ፣ የሚደገፉበት ዝግጁ ነገር አልነበራቸውም፤ እያንዳንዱን ፊደል ቦታ እየሰጡ ነው የሄዱት። ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶች ሲቀበል፣ እነዚያን መሰል ሰዎች ለዓመታት የለፉበት ውጤት ነበር። ዛሬ የሚጠየቀው ሥራ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ ያለውን ማገናኘት ብቻ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፦ «ፍሬምወርክ የዓለምን ካላንደር ሁሉ ሊሸከም አይችልም፤ ይህ የአፕ ሠሪው ሥራ ነው።» ከፊሉን እቀበላለሁ። ፍሬምወርኩ ሁሉንም መሸከም የለበትም፤ ሌላው የሚሰካበት ቦታ ግን መተው አለበት። ይህንንም የፍላተር ሠሪዎች ራሳቸው አምነውበታል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የቀን መምረጫው ሌላ አቆጣጠር እንዲቀበል መሰኪያ ተበጅቶለታል። መሰኪያው ለእኛ ብቻ አይደለም፤ ኮልፌ ውስጥ ረመዳንን የሚጠብቀው ነጋዴ የሂጅራውንም ይፈልጋል። መሰኪያው እስኪመጣ ድረስ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን የቀን ሳጥን ሠራ ወይም በዳርት እንደተጻፈው አቡሻኽር ዓይነት ፓኬጅ ተጠቀመ። እንዲህ ያሉ ፓኬጆችን የሚጽፉ ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል፤ በነጻ የሠሩትን ወስዶ ለደንበኛ የሸጠው ግን ኃላፊነቱን አብሮ ወስዷል።

የጥገናውም ጥራት የሚታየው እዚሁ ሳጥን ላይ ነው። ፍሬምወርክ ቆሞ አይጠብቅም። በሜይ 2023 የወጣው ዳርት 3 ባዶ እሴትን በጥብቅ ወደሚቆጣጠረው አሠራር ያልተሸጋገሩ ፓኬጆችን ጨርሶ ከለከለ። ጉግል ፕሌይ ከኦገስት 2019 ጀምሮ አፖች 64 ቢት እንዲደግፉ ጠየቀ፤ ከዚያም በየዓመቱ አዲስ የአንድሮይድ ደረጃ ያስገድዳል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2016 የገዛው ዛማሪን የተባለ ተመሳሳይ ፍሬምወርክ በሜይ 1 ቀን 2024 ድጋፉ ተቋረጠ። ከእነዚህ ለውጦች በአንዱ የሚሰበር ነገር ካለ፣ የጉግል ወይም የሜታ (የቀድሞው ፌስቡክ) መሐንዲሶች የሚጠብቁት ቁልፍና ዝርዝር አይደለም፤ አንድ ሰው በትርፍ ጊዜው የጻፈው የቀን ፓኬጅ ነው። ስለዚህ አፑ የሚጠቀማቸውን ፓኬጆች ዝርዝር ጠይቁ፤ የቀኑን ፈልጉ፤ መጨረሻ የታደሰበትን ዓመት አንብቡ። ሦስት ዓመት ካልተነካ፣ ዴቨሎፐሩ ኮዱን ገልብጦ በራሱ እጅ ማስገባቱንና ፈተና መጻፉን ጠይቁ። «ይሠራል እኮ» ካላችሁ፣ ስለ ዛሬ ነው የነገራችሁ።

«ለሁለቱም ስልክ ለየብቻ ይጻፍ፣ ችግሩ ይቀራል» የሚሉም አሉ። አይቀርም። የአንድሮይድ የራሱ ቀን መምረጫ መስኮትም ጎርጎርዮሳዊ ነው፤ ለየብቻ የጻፈ ሰው ሳጥኑን ሁለት ጊዜ ይሠራል፣ ሁለት ጊዜም ይሳሳታል። ሦስትና አራት ሰው ላለው የእኛ አገር ቡድን አንድ ኮድ መጠበቅ ሁለት ከመጠበቅ ይሻላል፤ በዚህ ከፍሬምወርክ ወዳጆች ጋር ነኝ። ውሉ ላይ ግን አንድ ተጨማሪ ዓረፍተ ነገር አስገቡ። ጳጉሜን 6 ቀን 2019 በጎርጎርዮሳዊው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2027 ይውላል፤ በዚያ ቀን አፑ ደረሰኝ እንዲያወጣ፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አስተካክሎ እንዲያሳይ፣ ካልሆነም ሠሪው ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲያርም ይጻፍ። ለመፈረም የሚያቅማማ ዴቨሎፐር ካጋጠማችሁ ቀሪውን ክፍያ ያዙ።