ስም ያልተጻፈበት ሸክላ

«ሸክላ» የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ነገሮችን ይጠራል። አንዱ ከጭቃ ተበጅቶ በእሳት የበሰለ ዕቃ ነው፤ ሌላው ዘፈን የተቀረጸበት ጥቁር ክብ ሰሌዳ ነው። በ1960ዎቹ ዓ.ም. አምሃ እሸቴ ካሳተማቸው የሙዚቃ ሸክላዎች አንዱን ያነሣ ሰው በመካከሉ በተለጠፈው ክብ ወረቀት ላይ የዘፋኙን ስም ያነባል። በዚያው ከተማ፣ በመርካቶ፣ ከጭድ መካከል አንድ ጀበና መዝዞ የሚገዛ ሰው ግን ዕቃውን ገልብጦ ቢያይ የሠሪዋን ስም አያገኝም። ስሙን የወረሰው ዕቃ የባለሙያውን ስም ተሸክሞ ሲዞር፣ ስሙን ያወረሰው ዕቃ ግን ስም አልባ ሆኖ ቀርቷል። ይህ ልዩነት ከየት እንደ መጣና በሥነ ጥበብ ሂሳችን ላይ ምን ጉድለት እንዳስከተለ መመርመር ተገቢ ነው።

የዛሬው መርካቶ የተመሠረተው ፋሺስት ጣሊያን ሀገራችንን ወርሮ በቆየባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው። ወራሪው ኃይል የከተማይቱን ትልቅ ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ያዛወረው ነጩንና ጥቁሩን በሠፈር ለመለየት ነበር። ሕዝቡ ግን ለመለያየት የተከለለውን ሜዳ የሀገሪቱ ምርት ሁሉ መገናኛ አደረገው። እህሉ፣ ሸማው፣ ብረታ ብረቱ፣ ሸክላው በየተራው ቦታ ያዘ።

ሸክላ በሚሸጥበት ተራ አንዲት ገዢ ድስት ስትመርጥ የምታደርገውን ልብ ማለት ይገባል። ድስቱን በአንድ እጇ አንጠልጥላ በሌላው በጣቷ አንጓ ትቆረቁረዋለች። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ በሚገባ በስሏል፣ ስንጥቅም የለበትም፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። ቀጥላ አፉን ወደ ብርሃን አዙራ ውስጡን ታያለች፤ የግድግዳውን ውፍረት በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ትለካለች፤ መሬት ላይ አስቀምጣ ሚዛኑን ትፈትናለች። ይህች ሴት ሂስ እየሰጠች ነው። መለኪያዋ ጥብቅ ነው፤ ፍርዷም ግልጽ ነው። በመጽሔትና በአዳራሽ የሚሰጠው የሥነ ጥበብ ሂስ ይህን ያህል ትኩረት ለሸክላ ሰጥቶ አያውቅም።

ወደ መርካቶ ከሚወርዱት የሸክላ ዕቃዎች መካከል በሙያ ስሙ የታወቀው የቀጨኔ ሥራ ነው። ቀጨኔ በከተማይቱ ሰሜን፣ በእንጦጦ ግርጌ የሚገኝ የባለ እጆች ሠፈር ነው። ከሰሜን ሸዋ የመጡ ቤተሰቦች ሠፍረውበት ወንዶቹ በሽመናና በብረት ሥራ፣ ሴቶቹ በሸክላ ሥራ ኖረውበታል። የሸክላው ሙያ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው፤ መጻፊያው እጅ፣ ማንበቢያው ዓይን ሆኖ ከትውልድ ትውልድ ደርሷል።

ሥራው የሚጀምረው ከአፈር ነው። አፈሩ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በውኃ ይርሳል፣ ታሽቶ ይዋሐዳል። ድስትና ምጣድ የሚሆነው ጭቃ ብቻውን አይበቃም፤ አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ይቀላቀልበታል። በውስጡ የተበተነው ቅንጣት ጭቃው ሲደርቅ እንዳይኮማተር፣ እሳት ላይ ሲጣድም እንዳይሰነጠቅ ያደርገዋል። የተሰበረው አሮጌ ዕቃ ለአዲሱ ጉልበት ይሆነዋል ማለት ነው። የሸክላ መንኰራኩር በዚህ ሙያ ውስጥ ቦታ የለውም። የእንስራው ሆድና የጀበናው አንገት በእጅ ተስቦ፣ ተደምድሞ፣ ተፍቆ፣ በለስላሳ ድንጋይ ታሽቶ ይወጣል። በአክሱም ዘመን የተሠሩት ሸክላዎችም፣ አንገታቸው በሰው ራስ ቅርጽ የተበጁት ጭምር፣ ያለ መንኰራኩር በእጅ የተሠሩ ናቸው። መሣሪያው ጥቂት ስለሆነ ሙያው ጥቂት ነው ብሎ መደምደም ስሕተት መሆኑን ይህ ብቻ ያስረዳል።

የሙያው ታላቅ ፈተና ግን እሳቱ ነው። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ የምድጃ ግድግዳም፣ የሙቀት መለኪያም የላትም። በጥላ የደረቁት ዕቃዎች በገላጣ ቦታ ይደረደራሉ፤ ማገዶ፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍና ቅጠል ከሥርም ከላይም ያለብሳቸዋል። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለአዲሲቱ ከተማ ማገዶ እንዲሆን የተተከለ ዛፍ ስለሆነ የዋና ከተማይቱ ሸክላ በዋና ከተማይቱ ዛፍ ይበስላል። እሳቱ በችኮላ ከተነሣ በጭቃው ውስጥ የቀረው እርጥበት እንፋሎት ሆኖ ዕቃውን ያፈነዳዋል። ቀስ ብሎ ሲግል ደግሞ፣ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለፈ ጊዜ፣ ከአፈሩ ጋር ተዋሕዶ የኖረው ውኃ ይለቃል፤ ከዚያ ወዲያ ዕቃው ወደ ጭቃነት አይመለስም። ግድግዳ በሌለው እሳት የሚገኘው ሙቀት በአብዛኛው ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ነው። ሸክላ ሠሪዋ ይህን ሁሉ የምትከታተለው ከነበልባሉ መልክ፣ ከጭሱ ቀለምና ከዕቃው ድምፅ ነው። ነፋስ አቅጣጫውን ከለወጠ የብዙ ቀን ልፋት በአንድ ጊዜ ገል ሊሆን ይችላል።

ዝቅተኛው ሙቀት በፋብሪካ ዓይን ሲታይ ድክመት ይመስላል፤ በማዕድ ቤት ዓይን ሲታይ ግን ጥበብ ነው። እንዲህ የበሰለ ሸክላ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። በእነዚህ ቀዳዳዎች ምክንያት ድስቱ ሲግልና ሲበርድ ሳይሰነጠቅ ይኖራል፤ እንስራው ጥቂት ውኃ ወደ ውጭ አላብቶ የቀረውን ያቀዘቅዛል፤ ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ሲታጠን ጭሱን ይዞ ለጠላው መዓዛ ይሰጣል። የጀበናው ጥቁረትም እንዲሁ ከእሳቱ የሚገኝ ነው። ዕቃው ገና በትኩሱ በቅጠልና በገለባ ጭስ ሲታፈን ጥላሸቱ ወደ ሥጋው ይዘልቃል፤ ስለዚህ እንደ ቅብ አይላጥም። በአንዳንዱ ድስት ሆድ ላይ የምትታየው ደብዛዛ ጥላ ነበልባሉ የዳሰሰበት ቦታ ናት። በጃፓን፣ ቢዘን በተባለው ስፍራ፣ በእንጨት እሳት በሚበስለው ሸክላ ላይ የሚቀረው ይህን የመሰለ አሻራ እንደ ውድ ጌጥ ይቆጠራል፤ በእኛ ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ጉድፍ ታይቶ ዋጋ ይቀነስበታል።

አንድ ጀበና እንደ ሥነ ጥበብ ሥራ ቢነበብ ምን ይገኛል? ሆዱ ክብ ነው፤ ማዕዘን ስለሌለው ሙቀቱ እኩል ይሰራጫል። ከታች ጠፍጣፋ ስላልሆነ በራሱ አይቆምም፤ ማቶት ይፈልጋል። አንገቱ ረጅምና ጠባብ ነው፤ ቡናው ሲፈላ አረፋው በዚያ ወጥቶ ለምታፈላው ሴት ምልክት ይሰጣል። ጡቱ ዝቃጩ ከሚያርፍበት ከፍ ብሎ በመቀመጡ የጠራው ብቻ ወደ ስኒው ይወርዳል። ጆሮው ከአንገት ወደ ሆድ የሚወርደው እጅ ከእሳቱ ርቆ ክብደቱን እንዲሸከም ነው። ከአቦል እስከ በረካ የሚዘልቀው ሥርዓት በዚህ ቅርጽ ውስጥ አስቀድሞ ተጽፏል። በደንብ በተሠራ ጀበና ላይ ያለ ምክንያት የተጨመረ መስመር አይገኝም፤ ውበቱም ከዚህ ይመነጫል።

የሸክላ ዘመን አልፏል የሚሉ አሉ። በእርግጥ እንስራውን ጀሪካን፣ ጋኑን የፕላስቲክ በርሜል፣ ድስቱን ብረት ድስት ገፍተውታል። ይሁን እንጂ በከተማው ቤት ያለውን የኤሌክትሪክ ምጣድ ክዳን ከፍቶ ለሚያይ ሰው መልሱ ፊት ለፊት ነው። ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት በሚወስደው በዚህ መሣሪያ ላይ እንጀራው የሚያርፈው በሸክላ ላይ ነው። ሽቦው ከሥር በተቦረቦረው መስመር ገብቶ ይግላል፤ ሸክላው ግን በእጅ የተለሰለሰ፣ በእሳት የበሰለ፣ በጎመን ዘር የተሟሸ ያው ጥንታዊ ምጣድ ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተስፋፋችው «ላቀች» የከሰል ምድጃም ከውጭ ቆርቆሮ ብትለብስ ሆዷ ሸክላ ነው። ቴክኖሎጂው በሸክላ ሠሪዋ ትከሻ ላይ ቆሞ ሳለ ባለሙያዋን የትናንት ሰው አድርጎ መቁጠር ከእውነት የራቀ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሙያ ስም ያጣው ለምንድን ነው? ምክንያቱ ያረጀ ንቀት ነው። የፊውዳሉ ሥርዓት መሬት ያለውን አክብሮ በእጁ የሚሠራውን ያዋርድ ነበር። ብረት ቀጥቃጩ «ጠይብ»፣ ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» ተብለው ይሰደቡ ነበር፤ በሠሩት ዕቃ የሚበላ ሕዝብ ከእነርሱ ጋር አብሮ ለመብላት ይጸየፍ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጅን በሙያው መስደብን ከልክለው፣ ሰዳቢው ራሳቸውን ንጉሡን እንደ ሰደበ እንዲቆጠር አስታወቁ። በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅም ርስት ተነፍገው ለኖሩ የሰሜን ባለ እጆች የመሬት መብት አስገኘላቸው። ስድቡን አዋጅ ከለከለው፤ ርስቱን አዋጅ ሰጠው፤ ልማድ ግን በአዋጅ ብቻ አይነቀልም። የሸክላ ሠሪ ልጅ በትምህርት ቤት የእናቷን ሥራ ስትጠየቅ አንገቷን የምትደፋ ከሆነ ሙያው የሚሞተው ከፕላስቲኩ ይልቅ በዚህ ኀፍረት ነው።

የሥነ ጥበብ ሂሳችንም ከዚህ ንቀት ነፃ አልወጣም፤ መልኩን ለውጦ በውስጡ ይኖራል። በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል የሠራው አፈወርቅ ተክሌ መሆኑን ተማሪው ሁሉ ይማራል፤ መማሩም ተገቢ ነው። ሸክላ ሲነሣ ግን ንግግሩ «ባህላችን»፣ «ቅርሳችን» ከሚለው አያልፍም። ይህ ውዳሴ የሚጣፍጥ ይመስላል፤ ነገር ግን ሠሪውን ከሥራው የሚነጥል ውዳሴ ነው። የሁሉም የሆነ ሥራ የማንም ሆኖ ይቀራልና።

ሂስ ሲጠፋ ደግሞ ገበያው ብቻውን ዳኛ ይሆናል። ውጤቱ በጎንደር አጠገብ በምትገኘው በወለቃ ታይቷል። የቤተ እስራኤል ሴቶች ለማዕድ ቤት ሲሠሩ የኖሩትን ሸክላ በጎብኚ ብዛት ወደ ትንንሽ ምስሎች ለወጡት። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ከሙያው ይልቅ የምስሎቹ አምሳያ በመንገድ ዳር ቀረ። ዛሬ በአዲስ አበባም በቅባት ቀለም ያጌጡ፣ የሚያብረቀርቁ ጀበናዎች ይሸጣሉ። ቀለሙ የሸክላውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ እሳት ላይ ሲጣድም ይቃጠላል። እሳት የማይችል ጀበና የጀበና ሥዕል እንጂ ጀበና አይባልም። እነዚህን ዕቃዎች «ዘመናዊ» ብሎ ማወደስ ሸክላ ሠሪዋን መጥቀም አይደለም። እንዲሁም ለገበያ በተጣደፈ እሳት ያልበሰለውን፣ ግድግዳው የወፈረውን፣ በፋብሪካ ዕቃ አምሳል አበባ የተለጠፈበትን ሥራ ጉድለቱን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ሠዓሊው የሚወቀስበትን ያህል መወቀስ የባለሙያ ክብር ነው፤ ከወቀሳ ውጭ የሚደረገው የማይከበረው ብቻ ነው።

የሌላው ዓለም ልምድም ትምህርት አለው። ጃፓናዊው ያናጊ ሶኤትሱ ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሕዝብ ጥበብን ሲያስከብር ስም የሌለው የእጅ ባለሙያ የሚሠራውን ዕቃ ከሁሉ በላይ አደነቀ። ሆኖም ከእንቅስቃሴው በዓለም ዙሪያ ስማቸው የገነነው ሃማዳ ሾጂና እንግሊዛዊው በርናርድ ሊች ናቸው፤ ስም የሌላቸው ግን ስም ሳያገኙ ቀሩ። ናይጄሪያዊቷ ላዲ ክዋሊ በመንደሯ የውኃ እንስራ እየሠራች አድጋ በ1954 እ.ኤ.አ. ማይክል ካርዲው ወዳቋቋመው የአቡጃ የሸክላ ማሠልጠኛ ገባች። ስሟ ከሀገሯ አልፎ ታወቀ፤ ምስሏም በ20 ናይራ ገንዘብ ላይ ታተመ። ይሁን እንጂ በከፍተኛ ሙቀት በስሎ መስታወት መሰል ቅብ የለበሰው እንስራዋ ውኃ መቅጃነቱን ትቶ የመደርደሪያ ጌጥ ሆነ። አንደኛው ልምድ ዕቃውን አክብሮ ስሙን ረሳ፤ ሁለተኛው ስሙን አክብሮ ዕቃውን ከምድጃ አራቀ።

የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ከሁለቱ አንዱን ለመምረጥ መገደድ የለባትም። ስሟ ይታወቅ፤ ጀበናዋም እሳት ላይ ይጣድ። ለዚህ የሚያስፈልገው ታላቅ በጀት አይደለም። በኤግዚቢሽን የሚቀርብ ሸክላ ሁሉ እንደ ሥዕሉ የሠሪዋን ስም፣ ሠፈሯንና የተሠራበትን ዓመት ይያዝ። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ሸክላ ሠሪዋን እንደ መምህር ይጋብዝ፤ ተማሪው በእሳቱ አጠገብ ቆሞ ይማር። መምህራን የምጣዱን ሳይንስ ከፊዚክስና ከኬሚስትሪ ትምህርት ጋር ያዛምዱ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከመርካቶ ነጋዴ ጋር ሲዋዋሉ የባለሙያዋ ምልክት በዕቃው ሥር እንዲቀረጽ ያድርጉ። ጭቃው ገና እርጥብ ሳለ ስም ለመጻፍ አንድ ስንጥር ይበቃል፤ እሳቱ ከነካው በኋላ ያ ስም ዕቃው ተሰብሮ ገል እስኪሆን፣ ከዚያም ወዲያ በገሉ ላይ ይኖራል።