የኮምፕሬሰር ድምፅ

በቆላ ከተማ የመኪና ማቀዝቀዣ መጠገንን ሙያው ያደረገ ሰው ከባለ መኪኖች አንደበት ዘወትር የሚሰማው ቃል «ጋዝ ሙላልኝ» የሚል ነው፤ ቅዝቃዜው ቢደክም ጋዝ፣ ነፋሱ ቢሞቅ ጋዝ፣ ኮምፕሬሰሩ ሲጮህ እንኳ መፍትሔው ጋዝ ይመስላቸዋል። እኔ ግን በድሬዳዋ በዚህ ሥራ ስኖር እየጸናብኝ የሄደ አንድ እምነት አለኝ፤ ይኸውም ከአሮጌ መኪና ኮምፕሬሰር የሚወጣው ድምፅ መቼ ተነሥቶ መቼ እንደሚያርፍ ሳይጠየቅ፣ የጎደለውም ጋዝ በየት በኩል እንደ ወጣና ሲወጣ ምን ይዞ እንደ ሄደ ሳይመረመር የሚደረግ ሙሌት፣ ለጊዜው ባለቤቱን ደስ ቢያሰኝም፣ ለኮምፕሬሰሩ ምክንያተ ሞት መሆኑ ነው።

የነገሩ ምሥጢር ያለው በዘይቱ ላይ ነው። በአሮጌዎቹ ቶዮታዎች ላይ በብዛት የምናገኘው የዴንሶ ኮምፕሬሰር ዘመም ያለ ዲስክ ሲዞር ወዲያና ወዲህ የሚገፋቸው፣ በሁለቱም ጫፍ የሚጨምቁ አምስት ፒስተኖች አሉት፤ እነዚህም በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሲመላለሱ ብረት ከብረት እንዳይፋጅ የሚጠብቃቸው ከጋዙ ጋር ተቀላቅሎ በቧንቧው ሁሉ የሚዞር ጥቂት ዘይት ነው። ጥቂት ማለቴ በእውነት ጥቂት ነው፤ ለትንሽ የቤት መኪና ከ120 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ቢሆን ነው። የሞተር ዘይት መለኪያ ዘንግ አለውና ባለቤቱ በየጊዜው እየመዘዘ ያየዋል፤ ኮምፕሬሰር ግን ዙሪያው የተዘጋ ስለ ሆነ ዘይቱ መጉደሉን የሚናገርበት ልሳን የለውም፤ ድምፅ ማሰማት ሲጀምርም ብዙውን ጊዜ ነገሩ ከረፈደ በኋላ ነው።

ቢሆንም ድምፅ ሁሉ የሞት ድምፅ አይደለምና አስቀድሞ በአፍኣ ያለውን ከውስጥ ካለው መለየት ይገባል። ሙያውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ ከድሬዳዋ የምድር ባቡር ወርክሾፕ የወጡ ሰው ነበሩ፤ ኮፈኑ ተከፍቶ ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር፣ መሪጌታ ከማኅበሩ ዜማ መካከል የሳተውን አንዱን ድምፅ ለይቶ እንደሚያውቅ፣ እርሳቸውም በአርምሞ ቆመው ከሞተሩ፣ ከዲናሞውና ከውሃ ፓምፑ ድምፅ መካከል የታመመውን ይለዩ ነበር። መሣሪያቸው አንድ ረጅም ካቻቢቴ ነው። ጫፉን በኮምፕሬሰሩ አካል ላይ አሳርፈው እጀታውን ከጆሮአቸው ፊት ባለው አጥንት ላይ ይደግፉታል፤ ከዚያም እጅጌአቸውን ከሚሽከረከረው ቺንጋ ጠብቀው፣ ጫፉን ከፑሊው አጠገብ ወደ ኋላ፣ ከኋላም ወደ ማሰሪያ ቡሎኖቹ ቀስ እያሉ ያዘዋውሩታል። በአየር ላይ አንድ የሚመስለው ጩኸት በብረቱ በኩል ሲደመጥ ከየት እንደሚነሣ በግልጽ ይታወቃል።

ኤሲው ጠፍቶ ሞተሩ ብቻ ሲሠራ የሚሰማ፣ ኤሲው ሲበራም የሚለወጥ ወይም የሚቀንስ ማጉረምረም የፑሊው ኩሽኔታ ነው፤ ኤሲው በጠፋ ጊዜ ፑሊው በኩሽኔታው ላይ ብቻውን ይዞራል እንጂ የውስጡ ፒስተን አይንቀሳቀስምና። ኤሲው በበራበት ቅጽበት ተከትሎ የሚመጣ ፉጨት ደግሞ የላላ ቺንጋ ወይም የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ምልክት ነው፤ በፍሪሲዮኑ ሳህንና በፑሊው መካከል ያለው ክፍተት ከ0.3 እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ሊሆን ሲገባው በዕድሜ ብዛት ሲሰፋ ማግኔቱ ሳህኑን አጥብቆ መሳብ ይሳነዋል። ይህን ከሥሩ ያለውን ስስ ቀለበት አውጥቶ ማጥበብ ይቻላል፤ ስለዚህም ተብሎ ኮምፕሬሰር መለወጥ የድኻን ንዋይ ማባከን ነው። ስለ ላላ ቡሎንና ስለ ተሰነጠቀ ማሰሪያ ብዙ አልናገርም፤ በእጅና በቁልፍ ይፈተናል።

ከውስጥ ከሚመጡት ድምፆች አንዱ ግን ብዙዎችን ያሳስታል። ጋዝ ከመጠን በላይ ተሞልቶ፣ ወይም ኮንደንሰሩ በአቧራ ታፍኖ፣ ወይም ቬንቲላተሩ ቆሞ ግፊቱ ሲያይል፣ ጤነኛው ኮምፕሬሰር ራሱ በከባድ ድምፅ ያጓራል። በድሬዳዋ ቀትር በጌጁ ላይ ከፍተኛው ግፊት 250 ፒኤስአይ ገደማ ቢደርስ አያስደነግጠኝም፤ 350 ሲያልፍ ግን በኮንደንሰሩ ላይ ውሃ አፈስሳለሁ፤ ድምፁ ወዲያው ከበረደ ኮምፕሬሰሩ ንጹሕ ነው፣ ጥፋቱም ከፊቱ ካለው ነው። በአንድ ጣሳ ውሃ ከመጣል የዳኑ ኮምፕሬሰሮች አይቻለሁ።

በሐምሌ ገብርኤል ሰሞን ከቁልቢ ወደ ድሬዳዋ ከሚወርዱት ምእመናን መካከል አንድ አዛውንት እ.ኤ.አ. በ1990 የተሠራች ኮሮላ ይዘው ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ ጋዝ ብቻ ሙላልኝና ልሂድ፤ አዲስ አበባም በየዓመቱ እንዲሁ ነው የሚሞሉልኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ መሙላቱ አይከብድም፤ በየዓመቱ የሚጎድል ከሆነ ግን ወዴት እንደሚሄድ ልይልዎት» አልኋቸው።

ኤሲው ሲበራ በካቻቢቴው በኩል የደረቀ ብረት መፋጨት ተሰማኝ፤ ነዳጅ ሲሰጠው አብሮ ይፈጥናል፣ ኤሲው ሲጠፋ በዚያው ቅጽበት ጸጥ ይላል። ጌጁን ባስርበት ዝቅተኛው ግፊት ከፍ፣ ከፍተኛው ዝቅ ብሎ እርስ በርሳቸው ተቀራርበዋል፤ ይህም ፒስተኖቹ መጭመቅ እንደ ተሳናቸው ያስረዳል። ፍሪሲዮኑን ስፈታው በዘንጉ ዙሪያ አቧራ የጠጣ ዘይት እንደ ጭቃ ጋግሮ ተገኘ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ደጋ ናትና ኤሲ ወራት ሙሉ ሳይበራ ይከርማል፤ ሳይዞር በከረመ ኮምፕሬሰር ውስጥ ደግሞ የዘንጉን ዙሪያ የሚዘጋው ጎማ ዘይት አጥቶ ይደርቃል፣ ጋዙም በዚያ በኩል ዘይቱን ይዞ ይወጣል። በየዓመቱ የተተካው ግን ጋዙ ብቻ ነበር።

ሌላም ነገር ነበረ። በዚያ ዘመን የተሠሩ መኪኖች ከፋብሪካ የወጡት አር-12 በተባለው ጋዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት የኦዞንን ሽፋን ለመጠበቅ ሲል ጋዙ ከዓለም ገበያ እንዲወጣ ስላደረገ፣ የመኪና ፋብሪካዎች ወደ አር-134ኤ ዞሩ። በኮሮላዋ ቧንቧ ላይ የመሙያው አፍ በመለወጫ ተቀጥሎ ስላየሁ ጋዟ እንደ ተለወጠ አወቅሁ፤ የቀድሞው ማዕድን ዘይት ግን ከአዲሱ ጋዝ ጋር አይዋሐድም፤ በኢቫፖሬተሩና በቧንቧው ውስጥ ተኝቶ ይቀራል እንጂ ወደ ኮምፕሬሰሩ አይመለስም። ጋዙን ከለወጡ ዘይቱንም መለወጥ ግድ ነው፤ ይህን ትቶ አፉን ብቻ መለወጥ ግማሽ ሥራ እንኳ አይባልም።

ጋዙን በመሳቢያው አውጥቼ ቧንቧውን ስፈታ የወጣውን ጠብታ በነጭ ጨርቅ ላይ ተቀበልሁት። አመድማ ነበር፤ ጨርቁን ወደ ፀሐይ ሳዞረው ደቃቅ ብረት በጠብታው ውስጥ አብለጨለጨ። ይህ ከታየ ኮምፕሬሰሩን ብቻ መለወጥ አይበቃም፤ ብናኙ ወደ ኮንደንሰሩና ወደ ኤክስፓንሽን ቫልቩ ሄዷልና ቧንቧው መታጠብ፣ ቫልቩና እርጥበት የሚይዘው ፊልተር መለወጥ አለባቸው፤ አለዚያ አዲሱም በአሮጌው ብናኝ ይታረዳል። ለአዛውንቱ ጨርቁን አሳየኋቸው፤ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ወጪው ለዚያ ሰሞን ስለ ከበዳቸው የኤሲውን ቺንጋ ፈትቼ ሸኘኋቸው፤ በዚያች መኪና ቺንጋው ለብቻው ስለ ሆነ ሌላውን ሥራ አያስተጓጉልም። እ.ኤ.አ. በ1939 ፓካርድ ማቀዝቀዣ ያለው መኪና ለሽያጭ ሲያቀርብም ኮምፕሬሰሩ ፍሪሲዮን አልነበረውም፤ ማቀዝቀዣውን ማሳረፍ የፈለገ ሰው ሞተሩን አጥፍቶ ቺንጋውን በእጁ ያወልቅ ነበር።

ከመሄዳቸው በፊት፣ አዲስ አበባ ተመልሰው ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ኮምፕሬሰር ሲገዙ ምን እንደሚያዩ ነገርኋቸው። የቧንቧ መግቢያዎቹ በክዳን ተዘግተው የቆዩ ይሁኑ፤ ክፍት ከነበሩ አቧራና እርጥበት ገብቷል። የፊቱን ሳህን በእጅ ሲያዞሩት በየፒስተኑ ጥቂት እየተቃወመ በእኩል ይዙር፤ የሚይዝ ወይም ያለ ምንም ተቃውሞ የሚፈታ አይሁን። ከዚያም ዘይቱን በነጭ ወረቀት ላይ ያፍስሱት፤ ጠቁሮ ወይም አብለጭልጮ ከታየ ይተዉት፤ ነጋዴውም ዘይቱ እንዲፈስስ ካልፈቀደ ዋጋው ምንም ቢረክስ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይለፉ።