ልጁን ማስተማር ወይስ ቤቱን መመርመር?

ልጅዎ ከትምህርት ቤት ተመልሶ «አባዬ፣ እኛ ቤት የሚደረገው ሁሉ ስህተት ነው እንዴ?» ቢልዎ ምን ይመልሱለታል?

በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ ቆይቷል። በቅርቡ በተለወጠው ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ለታችኞቹ ክፍሎች ግብረ ገብ ተመልሷል። እሰየው ነው። ታታሪነትን፣ ቁጠባን፣ ኃላፊነትን የሚጠላ ወላጅ የለም። ቅሬታዬ በአሰጣጡ ላይ ነው።

ቁጠባን እንውሰድ። መምህሩ ምሳሌ ሲያጣ ድግስንና እንግዳ ማብዛትን «አባካኝነት» ይለዋል። በሮቤና በጎባ ዙሪያ ግን ቤት የሚከበረው በእንግዳ አቀባበሉ ነው። እናቱ በቅቤ የራሰ ጩኮ ለመንገደኛ ስታቀርብ ያየ ልጅ በማግስቱ «አባካኝ» ማለት እናቴ ናት ብሎ ይመጣል። ታታሪነትም እንዲሁ ነው። የቦና አዝመራ በሚሰበሰብበት በታኅሣሥ ገደማ፣ ኮምባይነር በማይወጣው ተዳፋት ላይ ስንዴ ሲያጭድ የሰነበተው ልጅ ሲመለስ «ቤተሰቦችህ ትምህርት አያውቁም» ይባላል። ኧረ ለመሆኑ በዚያ ክፍል ከእርሱ የበለጠ ታታሪ ማን አለ? «ቤተሰባችሁን ግለጹ» ተብሎ ሁለት እናቶች አሉኝ ያለችው ልጅማ ሳቁን እስክትዳር አትረሳውም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ ወገንተኝነትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ይላል። በአንቀጽ 27 ደግሞ ልጆችን በእምነታቸው መሠረት በሃይማኖትና በሥነ ምግባር ማሳደግ የወላጆች መብት ነው።

ታዲያ መምህሩ ምን ያድርግ? ስንዴ ሲሰፍር ስለሚያጎድል ነጋዴ ይንገራቸውና ይከራከሩበት፤ የማንም አባት አይነሳም። ወይም «ሽማግሌዎች የተጣሉትን እንዴት እንደሚያስታርቁ ቤት ጠይቃችሁ ኑ» ይበላቸው፤ ያን ቀን ቤተሰቡ አስተማሪ ይሆናል። ልጅ ሲደበደብ ወይም ያለ ዕድሜዋ ስትዳር ዝም ይባል ማለቴ አይደለም። ያ ግን ልጁን ለብቻ አነጋግሮ ለሚመለከተው የሚነገር ጉዳይ እንጂ ለክፍል ምሳሌ የሚሆን አይደለም።

ጣታችንን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ብቻ አንቀስር። በእኛም መድረሳ ልጁን በጓደኞቹ ፊት «አባትህ ሱብሒ ይሰግዳል?» የሚሉ ኡስታዞች አሉ። ልጁ ወይ ይዋሻል ወይ አባቱን ያዋርዳል። የሰውን ነውር መሰለልን የሚከለክለው ሱረቱል ሑጁራት ደግሞ እዚያው መድረሳ፣ በእነዚሁ ልጆች አፍ ይቀራል።