ቤንን ማን ገደለው?

«የሕያዋን ሙታን ሌሊት»ን መጀመሪያ ያየሁት በወጣትነቴ፣ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ፣ አግዳሚ በተደረደረበት አንድ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። ጆርጅ ሮሜሮ እ.ኤ.አ. በ1968 በጥቁርና ነጭ የሠራው የአሜሪካ ፊልም ነው። የሞቱ ሰዎች ተነሥተው ሕያዋንን ይበላሉ፤ ሰባት ሰዎች በአንድ የገበሬ ቤት ተከበው ያመሻሉ።

አጠገቤ የነበረ ጎረምሳ «ይሄማ የኛው ቡዳ ነው!» ሲል ቤቱ በሳቅ ሞላ። አባባሉ ግን ከቀልድ ያልፋል። በእኛ አገር ቡዳ የበላውን ሰው ከመቃብር አውጥቶ፣ ነፍስ ዘርቶበት፣ ባሪያ አድርጎ ያሠራዋል ይባላል። የሄይቲው «ዞምቢ»ም ይኸው ነው፤ ሞቶ እንኳ ከባርነት ያላረፈ ሰው። የሮሜሮ ሙታን ግን ጌታ የላቸውም፤ በፊልሙ ውስጥም «ዞምቢ» የሚል ቃል አይነገርም።

ፊልሙ እንከን አለበት። የሙታኑን መነሣት ከቬነስ በተመለሰች መንኮራኩር ጨረር ማሳበቡ አያሳምንም። ባርብራም ከመጀመሪያው ድንጋጤ በኋላ ፈዝዛ መቅረቷ ሴቲቱን ያሳንሳታል። ጥንካሬው ያለው በቤቱ ውስጥ ጠብ ላይ ነው። ሃሪ «ምድር ቤት እንግባ» ይላል፤ ቤን «ወጥመድ ነው» ብሎ እምቢ ይላል። የሚገርመው፣ ቤንን በመጨረሻ የሚያስጠልለው ያው የናቀው ምድር ቤት ነው።

ቤን ጥቁር ነው፤ ተዋናዩም ዱዌን ጆንስ። ከሰባቱ ብቻውን ያነጋል። ሲነጋ ሙታን ሊያድኑ የወጡ ታጣቂዎች በመስኮት ያዩታል። ማን ነህ አይሉትም፤ ተኩሰው ይጥሉታል። ሬሳውንም ከሙታኑ ጋር ያቃጥሉታል። ሮሜሮ ጆንስን የመረጠው በችሎታው ብቻ እንደሆነ ተናግሯል። ሆኖም ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለበት ዓመት ለወጣ ፊልም፣ ይህ ፍጻሜ ሌላ ትርጉም ማግኘቱ የማይቀር ነበር።

ቪዲዮ ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ ወደ ስሜን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ወለቃን አሰብኩ። በጎንደር ዙሪያ ቤተ እስራኤል ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው ሲኖሩ፣ ሰዉ ማረሻውንና ድስቱን ከእጃቸው እየገዛ ዓይናቸውን ይፈራ ነበር። አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ወደ እስራኤል ሄዱ። «ቡዳ» የሚለው ስም ግን እዚሁ ቀረ፤ ሌላ የእጅ ባለሙያ ላይ ይለጠፋል።

ያ ጎረምሳ የተሳሳተው ቡዳው የቱ እንደሆነ ነው። ደጅ የሚንጋጉት ሙታን አይደሉም። ማንም ሳይጠይቀው ስም የወጣለት፣ መስኮቱ ላይ የቆመው ቤን ነው።