ላም አለኝ በመነጽር

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላል ያገራችን ሰው፣ የሌለውን እንዳለው አድርጎ የሚያወራ ሲያጋጥመው። የዘመኑ ነጋዴ ደግሞ ላሟን ከሰማይ አውርዶ ዓይናችን ላይ ሊያስርልን ተነሥቷል። ነገሩን ቨርቹዋል ሪያሊቲ ይሉታል፤ እኛም «ምናባዊ እውነታ» ብለን ተርጉመነዋል። የበያጅ መነጽር የመሰለ፣ ከዚያ ግን በብዙ የሚወፍር ዕቃ ጭንቅላታችሁ ላይ ይጠለቅና የነበራችሁበት ክፍል ድርግም ብሎ ይጠፋል። ለቀኝ ዓይን አንድ ምስል፣ ለግራው ሌላ ምስል ይቀርባል፤ ሁለቱ ሲጋጠሙ ጥልቀት ይፈጥራሉ። አንገታችሁን ስታዞሩ ዓለሙም አብሯችሁ ይዞራል። ላሟን ከፊትም ከጎንም ታዩአታላችሁ። ወተቷን ግን እንደ ድሮው አላይም ነው።

መነጽሩን በጠቅላላው ለመተቸት አልተነሣሁም። የዛሬው ጉዳዬ ከቤት የጨዋታ ማሽን ጋር፣ ማለትም ልጆቻችን ከሚያውቁት ከፕሌይስቴሽንና ከመሰሎቹ ጋር የገባው ጋብቻ ነው። ይጸናል ወይስ ይፈርሳል? ጥያቄው የቶኪዮና የካሊፎርኒያ ነጋዴዎች ራስ ምታት ይመስላል። ነገር ግን ጌም ቤት ደጃፍ የሚያመሽ ልጅ ቁይም አለ። እነሱ ዛሬ የሚያጩትን፣ የእኛ ልጆች ከዓመታት በኋላ አሮጌውን ገዝተው ይጫወቱበታል። ስለዚህ እኛንም ይመለከተናል።

ታሪኩን ባጭሩ ላውጋችሁ፤ ዘመኑን የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው። የመጀመሪያው አማች ኒንቴንዶ ነበር። በ1995 ቨርቹዋል ቦይ የተባለ፣ በጠረጴዛ ላይ የሚቆም፣ ቀይና ጥቁር ብቻ የሚያሳይ ዕቃ አወጣ። ተጫዋቹ አንገቱን ደፍቶ ማየት ነበረበት፤ ዓይን ያደክማል፣ አንገት ያማል። ዓመት ሳይሞላው ከገበያ ወጣ። ከዚያ ወሬው ለብዙ ዘመን ተዳፍኖ ቆየ። በ2012 አንድ ወጣት አሜሪካዊ ኦኩለስ የተባለ መነጽር ሊሠራ ከሕዝብ ገንዘብ አሰባሰበ። ፌስቡክ በ2014 ኩባንያውን በ2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሊገዛ ሲዋዋል ዓለም ሁሉ «አሁንስ ጊዜው ደረሰ» አለ።

ሶኒም በጥቅምት 2016 ፕሌይስቴሽን ቪአርን በ399 ዶላር አወጣ። እስከ 2019 መጨረሻ 5 ሚሊዮን ያህል ተሸጠ። ብዙ ነው ትሉ ይሆናል። ነገር ግን በዚያው ጊዜ መነጽሩ የሚሰካበት ፕሌይስቴሽን 4 ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ ነበር። ማሽኑን ከገዙ ሃያ ሰዎች መነጽሩን የጨመረው አንዱ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው መነጽር በየካቲት 2023 በ550 ዶላር ብቅ አለ፤ በ2025 ዋጋው ወደ 400 ወረደ። ፈላጊ የሞላው ዕቃ በሁለት ዓመት እንዲህ ቁልቁል አይወርድም። በመሃሉ፣ በ2024፣ ሶኒ ለመነጽሩ ጨዋታዎችን ይሠራ የነበረውን የለንደን ስቱዲዮውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ማይክሮሶፍትማ በ2016 «የሚመጣው ማሽናችን መነጽሩን ይችላል» ብሎ አስወርቶ፣ በ2018 «ለኤክስቦክስ እንዲህ ያለ ዕቅድ የለንም» ብሎ ሽማግሌዎቹን ከደጅ መለሰ።

ፍርዱ እንዳይጎድል ግን፣ ዕቃው የማይረባ ነው የሚል ካለ አልስማማም። አዲስ አበባ ወዳጄ ቤት አጥልቄ አይቼዋለሁ። ግራን ቱሪዝሞ 7 የተባለው የመኪና እሽቅድምድም በቴሌቪዥን ሲታይ ጨዋታ ነው፤ በመነጽሩ ሲታይ ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጣችሁ፣ የጎን መስታወቱን ዞር ብላችሁ እያያችሁ መንዳት ነው። በ2018 የወጣው አስትሮ ቦት የምትባል ትንሽ ሮቦት የምታስሮጡበት ነው፤ ከግድግዳ ጀርባ የተደበቀውን ለማየት እናንተው ጎንበስ ቀና ትላላችሁ። ሬዚደንት ኢቭል 7 የሚባለው አስፈሪ ጨዋታ ደግሞ በ2017 ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በመነጽሩ እንዲጫወቱት ሆኖ ቀረበ። ቴሌቪዥን ላይ የፈራ ሰው ፊቱን ያዞራል። እዚህ ፊቱን ያዞረ ሰው የሚያየው ያንኑ የሚያስፈራ ቤት፣ በሌላ በኩል ነው። ይህ ጥበብ አይደለም የሚለኝ ካለ እሱ ራሱ ይጫወተውና እንነጋገር።

ታዲያ ጋብቻውን ምን አናጋው?

አንዱ ሆድ ነው። ዓይን «እየበረርን ነው» ሲል ውስጠኛው ጆሮ «ኧረ ከወንበር አልተነሣንም» ይላል። ሁለቱ ምስክሮች ሲጋጩ አንጎል ይታወካል፤ ማቅለሽለሽ ይመጣል። የዓባይን በረሃ በአውቶቡስ የወረደ ጎጃሜ ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። እዚያ ነገሩ በግልባጩ ነው፦ ጆሮ ጠመዝማዛውን ይቆጥራል፣ ዓይን የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ብቻ ያያል። ውጤቱ ግን ያው ፌስታል ነው። ሁሉም ሰው አይታመምም፤ የታመመው ግን ለመታመም ሁለተኛ አይከፍልም። ሶኒ ራሱ ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንዳይጠቀሙበት ያስጠነቅቃል።

ሌላው ክህደት ነው። ለመጀመሪያው መነጽር የተሠሩ ጨዋታዎች በሁለተኛው ላይ እንዳሉ አይሠሩም። ሰውዬው ዓመታት ጨዋታ ሲገዛ ኖሮ፣ አዲሱ ሲመጣ «ያ ያለፈ ነው» ተባለ። ሁለተኛ ሰርግ ደግሰው የመጀመሪያውን ጥሎሽ እንዳልነበረ ቆጠሩት። ከዚያ ወዲህ ያለው አዙሪት ነው፦ ባለ መነጽሩ ጥቂት ስለሆነ ጨዋታ የሚሠራለት የለም፤ ጨዋታ ስለሌለ መነጽሩን የሚገዛ የለም።

ሦስተኛው ኪስ ነው። ማሽኑ ወደ 500 ዶላር፣ መነጽሩ 400 ዶላር እንበል፤ በድምሩ 900። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት፣ እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም ድረስ፣ በባንክ ሒሳብ 51 ሺህ ብር ገደማ ነበር። ዶላር 100 ብርን ከተሻገረ በኋላ ደግሞ ከ90 ሺህ ብር በላይ ሆነ። ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተጨመረም። በዚህ ላይ የዛሬ ጨዋታ ከኢንተርኔት የሚወርድ ነው፤ በአማራ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ማን ይረሳዋል?

እነዚህ ሦስቱ ግን በጊዜ ሊቃለሉ ይችላሉ። ዕቃው ይረክሳል፣ ምስሉ ይጠራል፣ ሆድም ይለምዳል። እኔ የማይቃለል የሚመስለኝን አራተኛውን ነገር ያየሁት ቁይ ነው።

ቁይ የደባይ ጥላትግን ወረዳ ከተማ ናት፤ የምሥራቅ ጎጃም ደጋ፣ የጤፍ አገር። ጌም ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ አሮጌ ፕሌይስቴሽን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ ዙሪያውን አግዳሚ ወንበር። ሁለት ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ የቀሩት አሥር ይሆናሉ። «የቀሩት» ማለቴ እንኳ ስሕተት ሳይሆን አይቀርም፤ የጨዋታው ግማሽ እነሱ ናቸውና። «አቀብለው እንጂ!» የሚለው አለ። ዳኛው አለ። ሳንቲም ስለሌለው ጆይስቲክ ነክቶ የማያውቅ፣ ግን ሁሉም ምክሩን የሚሰማው አሠልጣኝ አለ። ሕጉ አጭር ነው፦ ተሸናፊ ይነሣል። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ባንድ ድምፅ «ውይ!» ይሉና ክርክሩን በጨለማ ይቀጥላሉ። ማሽኑ ቆመ እንጂ ጨዋታው አልቆመም።

ስለ መነጽሩ አጫወትኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና አንዱ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ አንዱ ሲያጠልቀው እኛ ምን እናያለን?»

«እሱ የሚያየውን በቴሌቪዥኑ ታያላችሁ» አልኩት።

«እሱስ እኛን ያየናል?»

«አያያችሁም። በአዲሱ ላይ ቁልፍ አለ፤ እሱን ከተጫነ ውጭው ይታየዋል።»

ልጁ ሳቀ። «እያሸነፈ ማን ይጫነዋል? ተራችን መድረሱንስ በምን ያውቃል?»

የጨዋታ ገምጋሚዎች ብዙ ገጽ ጽፈው የሚዞሩትን ነገር ይህ ልጅ ባንድ ጥያቄ ዘጋው። የቤት ጨዋታ ማሽን ያደገው ከቴሌቪዥን ጋር ነው። ቴሌቪዥን ደግሞ የቤቱ ሰው ሁሉ የሚያየው ነገር ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይቀመጣል፣ ሌላው ከኋላ ሆኖ ያሾፋል። መነጽሩ ይህንኑ የጋራ ነገር ለአንድ ሰው ፊት ቆርጦ ይሰጣል። ሁለተኛው መነጽር የተጫዋቹ ዓይን ብሌን ወዴት እንዳዘነበለ የሚከታተል መሣሪያ አለው። አጠገቡ ማን እንደተቀመጠ ለተጫዋቹ እንዲነግረው ግን ብዙ አልተደከመበትም።

ነገሩ የተገለጠላቸው ሠሪዎች አልጠፉም። ከመጀመሪያው መነጽር ጋር በ2016 በነጻ የቀረበው ዘ ፕሌይሩም ቪአር ውስጥ፣ ባለ መነጽሩ ከተማ የሚያፈርስ አውሬ ይሆናል፤ የቤቱ ሰዎች ደግሞ በቴሌቪዥኑ ሆነው ከእሱ ይሸሻሉ። በሌላ ጨዋታ ባለ መነጽሩ ፊት ቦምብ ይቀመጣል፤ የማምከኛው መመሪያ ግን ያለው በጓደኞቹ እጅ፣ በወረቀት ላይ ነው። ካልተደማመጡ ይፈነዳል። ኒንቴንዶም በ2019 ላቦ በተባለው የካርቶን መነጽሩ ማሰሪያ አላደረገበትም፤ ልጆች በእጃቸው ይዘው አይተው እንዲቀባበሉት ብሎ። እኔ ከሁሉም የወደድኩት እነዚህን ነው፤ ሰውየው ዓይኑ ቢታሰርም ሰው አጠገቡ መኖሩን ያልረሱ ናቸውና። የሚያሳዝነው፣ ገበያው ተከትሎ የሄደው ይህን መንገድ አለመሆኑ ነው።

«ስልኩስ? ልጆቻችን በስልክ ብቻቸውን ከታሰሩ ቆዩ እኮ» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። ሆኖም ስልክ የገባው ለጨዋታ አይደለም። ዘመድ አገናኝቶ፣ ገንዘብ አስተላልፎ ዋጋውን ከከፈለ በኋላ ነው ጨዋታ የጨመረው። ስልክ ላይ ያቀረቀረን ልጅ «ና ቡና ጠጣ» ብትሉት ቢያንስ ቀና ይላል። ከማሽን ጋር የሚሰካው መነጽር ከጨዋታ ሌላ ለቤቱ የሚያመጣው ስንቅ የለውም።

እዚህ ላይ ወላጆችን አንድ ነገር ልበላቸው። ጌም ቤትን የምንነቅፍበት ምክንያት አለን፤ ከትምህርት ቤት የሚፎርፈው ልጅ የሚሸሸግበት ነው፣ የሚበላበትን ሳንቲም የሚጨርስበት ነው። በየከተማው ከሺሻ ቤት ጋር ባንድ መዝገብ ሲታሸግ ያጨበጨብን ብዙ ነን። ነገር ግን እዚያ ቤት ውስጥ ልጁ መሸነፍን በሰው ፊት ይማራል። ተራ መጠበቅን፣ ተሸንፎ መነሣትን፣ ሳንቲም የሌለውን ጓደኛ ምክር መስማትን ይማራል። በገና ጨዋታና በገበጣ አባቶቻችን የተማሩትም ይኸው ነው፤ ገበጣ ሲጫወቱ ከኋላ ቆሞ የማይመክር ሰው ታይቶ ያውቃል? ጌም ቤቱን ዘግተን ጨዋታውን ወደ ልጁ ጭንቅላት ካስገባነው፣ የጠላነውን ጨዋታ አላጠፋንም፤ ያጠፋነው ምስክሮቹን ነው።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ራሱን ችሎ ያለ ማሽን የሚሠራው መነጽር፣ የዛሬው ሜታ በ2020 በ299 ዶላር እንዳወጣው ያለ፣ የራሱን ዕድል ይሞክራል፤ እሱን የሚሠራው ክፍልም ቢሆን ኩባንያውን በየዓመቱ ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲያከስር ቆይቷል። ከቤት ማሽን ጋር የሚሰካው ግን የጥቂት አፍቃሪዎች ጌጥ ሆኖ የሚኖር ይመስለኛል። ለእኛ የሚጠቅም ቦታ ካለው ትምህርት ቤት ነው። አንድ ኮሌጅ አንድ መነጽር ቢኖረው፣ ተማሪው የልብን ክፍሎች ውስጡ ገብቶ ሲያይ፣ መምህሩና ጓደኞቹ በስክሪን እየተከታተሉ ቢያርሙት፣ ያኔ ላሟ ትታለባለች። ለመዝናኛው ደግሞ «ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ» ነው። ቅኔ የተባለው የአዲስ አበባ ኩባንያ ኩኩሉ የምትባል ዶሮ የምትሮጥበትን ጨዋታ ሲሠራ፣ በሰው እጅ ባለው ስልክ ላይ ነው የሠራት፤ ከሰማይ አላወረዳትም።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ለልጁ ይህን መነጽር ልላክለት?» ብሎ ቢጠይቃችሁ፣ ስለ ምስሉ ጥራት አትጨነቁ። «ሌሎቹ ልጆች በዚያ ሰዓት ምን ይሠራሉ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካጣ፣ በዚያው ገንዘብ ሁለተኛ ጆይስቲክና አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ይበቃል።