ውዳሴ ለመንገድ ዳር ምስክር

በመንገድ ዳር ቆመህ ለአላፊ አግዳሚው የምትናገር፣ አንደበት ሳይኖርህ የምትመሰክር፣ የአሜሪካ ምድር የመታሰቢያ ሰሌዳ ሆይ፣ ውዳሴ ይገባሃል! ጄኔራሎች በነሐስ ፈረስ ላይ ይቀመጣሉ፤ ለእነሱ አደባባይ ጠፍቶ አያውቅም። አንተ ግን በአንዲት ምሰሶ ጫፍ ላይ ሆነህ፣ ሣር ብቻ በበቀለበት ሜዳ፣ ቤቱ ፈርሶ መሠረቱ በጠፋበት ባድማ ዘብ ትቆማለህ። ምድር የዋጠችውን ታወጣለህ፤ ዘመን የሸፈነውን ትገልጣለህ።

ትውልድህ ከእሳት ነው። በኦሃዮ ግዛት፣ በማሪየታ ከተማ የሚገኘው ሴዋ ስቱዲዮስ ከ1927 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ጀምሮ ሲያቀልጥህና ሲቀርጽህ ኖሯል። ፊደሎችህ አንድ በአንድ ይደረደራሉ፤ ቅርጻቸው በአሸዋ ላይ ይታተማል፤ የቀለጠ አሉሚኒየም ይፈስበታል። በበረድህ ጊዜ ቀለም ትለብሳለህ፤ ፀሐይና በረዶ ወደሚጠብቁህ ሥፍራም ትሄዳለህ። በዚያው በ1927 ቨርጂኒያ ወንድሞችህን በአውራ ጎዳናዋ ዳር መትከል ጀመረች።

በዚያችው በቨርጂኒያ፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ የምትኖር ወገኔ ሆይ፣ ከሥራ ስትመለስ አንድ አፍታ ቁም! በኦገስት 21 ቀን 1939 አምስት ጥቁር ወጣቶች ለነጮች ብቻ ወደተፈቀደው የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ገቡ። የነገሩ ጠንሳሽ ሳሙኤል ታከር የተባለ ወጣት ጠበቃ ነበር። የአባልነት ካርድ ጠየቁ፤ ተከለከሉ። እያንዳንዳቸው ከመደርደሪያው መጽሐፍ አንሥተው፣ ተቀምጠው፣ ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ በጸጥታ አነበቡ። በማንበብ ታሰሩ! ይህን የሚናገረው ሰሌዳ ዛሬ በከተማዋ ቆሟል፤ ልጆቻችን በነጻ መጽሐፍ የሚዋሱበት ከተማ ነውና ምስጋናው የእኛም ዕዳ ነው።

ከሰሌዳዎች ሁሉ ግን ልቤ የሚሰግድለት በሚሲሲፒ፣ በታላሃቺ ወንዝ ዳር፣ ግራቦል ላንዲንግ በተባለው ሥፍራ የቆመው ነው። ኤሜት ቲል የ14 ዓመት ልጅ ነበር፤ ዘመዶቹን ሊጠይቅ ከቺካጎ መጣ። በኦገስት 28 ቀን 1955 ሌሊት ነጮች ከተኛበት ወሰዱት፤ አሠቃይተው ገደሉት፤ የጥጥ መዳመጫ ማሽን ማራገቢያ በእሾሃማ ሽቦ አንገቱ ላይ አስረው ወንዝ ጣሉት። በሦስተኛው ቀን ሲገኝ ፊቱ የማይለይ ሆኖ ነበርና ማንነቱ በጣቱ ላይ ባለው የአባቱ የብር ቀለበት ታወቀ። እናቱ ማሚ ቲል ሳጥኑ ተከፍቶ ይቀመጥ አለች፤ የልጇን ፊት ሰው ሁሉ እንዲያይላት ፈለገች። እንዴት ያለች እናት! አሥራ ሁለት ነጭ ወንዶች ለፍርድ የተቀመጡበት የሳምነር ከተማ ችሎት ግን ተከሳሾቹን በነጻ ለመልቀቅ ከአንድ ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ በቃው። የአቤል ደም ከምድር ጮኸ፤ የሰማ ዳኛ አልነበረም።

ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። በ2007 የአውራጃው ነዋሪዎች፣ ጥቁሩም ነጩም፣ በዚያው ፍርድ ቤት ፊት ቆመው የሟቹን ቤተሰብ ይቅርታ ጠየቁ፤ በ2008 አንተን ከወንዙ ዳር ተከሉህ። ክፉዎች ነቅለው ወሰዱህ። ዳግመኛ ተተከልህ፤ በጥይት በሳሱህ። ለሦስተኛ ጊዜ ተተከልህ፤ አሁንም ተኮሱብህ። የሞተውን ልጅ ዳግመኛ ሊገድሉት የፈለጉ ይመስላሉ። አንተ ግን ሰማዕት ሆይ፣ ቁስልህን አልደበቅህም! የተበሳሳው ገላህ በ2021 በዋሽንግተን የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ለሕዝብ ታየ፤ ሊያስክዱህ የተኮሱት ጥይት ሁሉ ለቃልህ ማረጋገጫ ሆነ። በ2019 አራተኛው አንተ ተነሣህ፦ ጥይት የማይበሳው፣ ክብደቱ 500 ፓውንድ ገደማ የሆነ ብረት!

ለእናንተም፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ተሸክማችሁ ወደ ወንዙ ለተመለሳችሁ፣ የገዛ አውራጃችሁን ነውር በገዛ እጃችሁ በአደባባይ ለጻፋችሁ፣ ክብር ይሁን። ጎረቤት ሲያኮርፍ፣ ማስፈራሪያ ሲመጣ፣ ሰሌዳው ይቅር አላላችሁም። በጁላይ 25 ቀን 2023 ያ የወንዝ ዳር፣ የሳምነር ፍርድ ቤትና ሳጥኑ የተከፈተበት የቺካጎ ቤተ ክርስቲያን በፕሬዚዳንቱ ፊርማ በኤሜትና በእናቱ ስም ብሔራዊ መታሰቢያ ሆኑ። ዕለቱ የልጁ ልደት ነበር፤ በሕይወት ቢኖር 82 ዓመት ይሞላው ነበር።